እንግዳ በክረምት ሲመጣ

ሰው ለሥራ ሲል ከትውልድ ቦታው ርቆ ይኖራል። ዘመድ ሊጠይቀው ሲመጣ ቤት ያፈራውን ያቀርባል፤ አልጋውን ይለቃል። ነገር ግን እንግዳ መቀበል ማለት ማብላትና ማጠጣት ብቻ አይደለም። የሚኖሩበትንም አገር ማሳየት ነው። ለማሳየት ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ የወሎ ተወላጅ መምህር በወላይታ ሶዶ ሦስት ዓመት አስተማረ። ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ደሴ ይሄድ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን እናቱ ራሳቸው መጡ። «ልጄ፣ የምትኖርበትን አገር ልየው ብዬ ነው» አሉት። መምህሩ አፈረ። ከትምህርት ቤቱና ከገበያው በቀር የሚያውቀው ቦታ አልነበረም። ስለዚህ ጎረቤቱ ወደሆኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሄዶ «አባባ፣ እባክዎ ምሩን» ብሎ ለመናቸው።

ከደጅ ጀመሩ። ከሶዶ ከተማ በላይ የዳሞታ ተራራ ቆሟል። ከፍታው 2,900 ሜትር ያህል ነው። በክረምት ጠዋት ጠዋት ጉም ይሸፍነዋል። በተራራው ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች ቆፍረው ከ40,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች የሠሯቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተውበታል። መንገዱ ጭቃ ስለነበረ እናትየውን ከሩቅ አሳዩአቸው።

በማግስቱ በአረካ በኩል ወደ አጆራ ፏፏቴ ሄዱ። አጃንቾና ሶኬ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ገደል ይወርዳሉ። በክረምት ሞልተው ያስገመግማሉ። ሽማግሌው «እትዬ፣ ወደ ጠርዙ አይጠጉ፤ እርጥብ ሣር ያንሸራትታል» አሉ።

እናትየው ራቅ ብለው ቆመው አዩ። ጥቂት ቆይተው «ውሃው ምነው ቀላ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አፈራችን ነው፣ እትዬ። ዛፍ ከሌለበት ማሳ ጎርፉ ጠርጎ ያመጣዋል።»

«የእኛንም ተራራ እንዲሁ ነው ልጦ የጨረሰው» አሉ እናትየው።

«እንግዲያውስ ነገ ሁምቦን ማየት አለብዎ» አሉ ሽማግሌው።

ሁምቦ ከሶዶ በስተደቡብ ይገኛል። ተራራው ለማገዶና ለከሰል ተጨፍጭፎ ተራቁቶ ነበር። ጉቶውና ሥሩ ግን ከመሬት በታች አልሞተም። በ2006 እ.ኤ.አ. ደኑን መልሶ የማልማት ሥራ ተጀመረ። 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ተጠበቀ። ገበሬዎቹ በሰባት ማኅበራት ተደራጁ። ከየጉቶው ካቆጠቆጠው ጠንካራውን ትተው ደካማውን ገረዙ። ከብት አይገባም፤ ሣሩ ግን እየታጨደ ለከብት ይወሰዳል። ደን አየርን የሚያሞቀውን ካርቦን ስለሚይዝ፣ ማኅበራቱ ከዓለም ባንክ ጋር ተዋውለው ለዚሁ ገንዘብ አገኙ።

እናትየው አንዱን ዛፍ በእጃቸው ዳሰሱ።

«ይኼ የተተከለ አይደለም?»

«አይደለም። ከጉቶ የበቀለ ነው።»

«ጉቶማ እኛም አገር አለ» አሉ፤ ወደ ልጃቸውም ዘወር ብለው «እንዴት እንደሚገረዝ በወረቀት ጻፍልኝ። ቀበሌ ወስጄ አስነብበዋለሁ» አሉት።

ጥያቄዎች
1. መምህሩ ለምን አፈረ?
2. የወንዙ ውሃ በክረምት ለምን ይቀላል?
3. በእናንተ ቀበሌ እንግዳ ቢመጣ ምን ታሳያላችሁ? ሦስት ቦታዎችን ጻፉ።