ካዝናና መጫወቻ በአንድ ኪስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን በመሻገር ደጀንንና ሉማሜን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አምበር የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው ጤፍና ስንዴ አምራች በመሆኑ በከተማዋ ንግድ ውስጥ እህል ትልቅ ቦታ አለው። ከመኸር በኋላ ገበሬው በአህያና በጋሪ የሚያመጣውን እህል ነጋዴው ይሰበስባል፤ ደላላው ገዢ ያፈላልጋል፤ የጭነት መኪናው ደግሞ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ እህሉን ወደ መሐል አገር ያደርሳል። ይህ ሰንሰለት የቆየ ነው።

የተለወጠው ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ነው። ቀደም ሲል የአንድ ጭነት ዋጋ በጥሬ ብር ተቆጥሮ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከታመነ ሰው ጋር ይላክ ነበር። ሌባውም የሚያደባው መንገድ ላይ ነበር። ዛሬ ያው ገንዘብ በስልክ ይሄዳል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ ወዲህ የአገልግሎቱ ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን አስታውቋል። የሳፋሪኮሙ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገበያውን ተቀላቅሏል። ባንኮችም የየራሳቸውን የሞባይል አገልግሎት ዘርግተዋል። በመሆኑም የነጋዴው ካዝና ከሱቁ ጓዳ ወጥቶ ኪሱ ውስጥ ገብቷል ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ይኸው ስልክ ሌላም ሥራ አለው። ዜና ይታይበታል፤ ፎቶግራፍ ይነሣበታል፤ ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ ልጆች እየተቀባበሉ ይጫወቱበታል። ካዝናውን ለልጅ መጫወቻ የሚሰጥ ነጋዴ የለም። ስልኩን የሚሰጥ ግን ብዙ ነው። የኮምፒዩተር ደህንነት ሲባል የሩቅ አገር ባለሙያዎች ጉዳይ የሚመስለው ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ለእህል ነጋዴው ግን ጉዳዩ ሌላ ሳይሆን የካዝና ቁልፍ አያያዝ ነው።

የባንግላዴሽ ዘረፋ

ስለ ኮምፒዩተር ዘረፋ የሚነገረው ዜና ብዙ ጊዜ እንደ ተረት ይደመጣል። አንድ ብልህ ወጣት ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ባንክ ሲገለብጥ ይታሰባል። የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ታሪክ የሚያሳየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በጥር 2008 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ፣ ዘራፊዎች ባንኩ በኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ በሐሰተኛ የክፍያ ትዕዛዝ ለማውጣት ሞከሩ። የጠየቁት በድምሩ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ 81 ሚሊዮን ዶላሩ ፊሊፒንስ ደርሶ ከእጅ ወጣ። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን ዶላር የተያዘው የተቀባዩ ድርጅት ስም ውስጥ አንድ ቃል ተሳስቶ በመጻፉ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለነጋዴ የሚጠቅሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የቀኑ አመራረጥ ነው። ዘራፊዎቹ ሥራቸውን የጀመሩት ሐሙስ ማታ ነበር። ዓርብ ባንግላዴሽ ውስጥ የዕረፍት ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኒው ዮርክ ዝግ ነው። ሁለተኛው፣ የክፍያ ማረጋገጫዎችን የሚያትመው ማሽን በዚያው ጊዜ መሥራት አቁሞ ነበር። የባንኩ ሠራተኞች ግን የተለመደ ብልሽት መስሏቸው አለፉት። ሌባው የመረጠው ሰው የማይኖርበትን ሰዓትና ማረጋገጫ የማይታይበትን ሁኔታ ነው። በገበያ ቀን፣ ወከባ በበዛበት ሰዓት፣ «ኔትወርክ የለም» እየተባለ ጤፍ የሚጫንበት የእህል መጋዘንም ከዚህ ሁኔታ የራቀ አይደለም።

የ801 ሚሊዮን ብር ትምህርት

የአገር ቤቱ ምሳሌ ደግሞ ያለ ሌባ የደረሰ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የክፍያ ሥርዓት በመዛባቱ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ሲዛመት በተለይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚገኙ ተማሪዎች ወደ ገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ጎረፉ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋርጦ ችግሩን ከተቆጣጠረ በኋላ፣ ያለ አግባብ የተወሰደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን አስታወቀ። ምክንያቱም የኮምፒዩተር ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሥርዓት ላይ ሲካሄድ የነበረ ሥራ ያስከተለው ችግር መሆኑ ተገለጸ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለብዙዎች ትምህርት ሆኗል። ገንዘቡን የወሰዱት ሰዎች ስምና የሒሳብ ቁጥር በባንኩ መዝገብ ውስጥ ነበር። ባንኩ እንዲመልሱ ጠየቀ፤ ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይፋ አደረገ፤ አብዛኛውንም ገንዘብ ማስመለሱን አስታወቀ። በኮምፒዩተር የሚሄድ ብር እንደ ጥሬ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ዱካው አይጠፋም። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ሒሳቡ ውስጥ የገባለት ነጋዴ ሲሳይ ነው ብሎ ሊያዝበት አይገባም። ማጭበርበሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «በስህተት ልኬልዎታለሁና ይመልሱልኝ» ከሚል ስልክ ነው። ሒሳቡን ሳያዩ መመለስም ሆነ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አደጋ አለው። ትክክለኛው መንገድ ለባንኩ ማመልከትና ባንኩ ራሱ እንዲመልሰው ማድረግ ነው።

ሌላው ትምህርት ይበልጥ ነጋዴያዊ ነው። በዚያ ቀን ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ባንክ ያስቀመጠ ሰው ለሹፌርና ለጫኝ የሚከፍለው አልነበረውም። ትልቁ ባንክም ለአንድ ቀን ሊዘጋ ይችላልና፣ የሥራ ማስኬጃውን በሁለት ቦታ ከፍሎ የያዘ ነጋዴ ሥራው አይቆምም።

የታየ መልእክት ገንዘብ አይደለም

በእህል ንግድ ላይ ከሁሉ የሚቀርበው አደጋ ግን እንዲህ የተወሳሰበ አይደለም። ገዢው ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ ልኬያለሁ» ይላል። በመስታወቱ ላይ የሻጩ ስም፣ የብሩ መጠንና የማረጋገጫ ቁጥር ይነበባል። መልእክቱ ከባንክ የመጣ ይመስላል። ዳሩ ግን አጭር መልእክት ማንም ጽፎ ሊያዘጋጀው የሚችል ጽሑፍ ነው፤ የደረሰኝ ፎቶግራፍም በቀላሉ ይቀየራል። መኪናው ሲወጣ ብሩ አልገባም።

ጉዳቱን በሒሳብ መመልከት ይጠቅማል። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 50 ኩንታል ጤፍ በ12,000 ብር ሒሳብ ሸጠ እንበል። የጭነቱ ዋጋ 600,000 ብር ይሆናል። ከአንድ ኩንታል የሚያተርፈው 200 ብር ቢሆን ከጭነቱ የሚያገኘው 10,000 ብር ነው። እንግዲህ ይህ ጭነት በሐሰተኛ መልእክት ቢወሰድበት፣ የጠፋውን ለመተካት ብቻ ሌላ 60 ጭነት ሸጦ ትርፉን ሳይበላ ማጠራቀም አለበት። እህሉን ከገበሬ በዱቤ ወስዶ ከሆነም ዕዳው ይተርፈዋል። አንድ ደቂቃ መታገሥ ያቃተው ሰው የዓመታት ድካሙን ያጣል ማለት ነው።

ስለዚህ መመሪያው አጭር ነው። ሻጩ የሚያምነው የገዢውን ስልክ ሳይሆን የራሱን ሒሳብ ነው። የራሱንም ቢሆን የመጣለትን መልእክት ሳይሆን ቀሪ ሒሳቡን ከፍቶ ማየት አለበት። ኢንተርኔት የለም የሚለው ሰበብ ብዙ አያዋጣም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየበት ጊዜ እንደታየው፣ ኢንተርኔት ሳይኖርም በአጭር ቁጥር መሥራት ይቻላል። በቴሌብር *127# በመደወል ቀሪ ሒሳብ ይታያል። የስልኩ መስመር ጭራሹን ከሌለ ደግሞ እህሉ እስኪመለስ ይጠብቅ። ደላላውም ቢሆን ገዢና ሻጭ ያገናኘበት ስሙ ስለሚጎድፍ፣ ብሩ ሳይረጋገጥ «ጫን» ማለት የለበትም።

ጨዋታ የሚከፍተው በር

ወደ ልጆቹ ጨዋታ ስንመለስ፣ ጨዋታው በራሱ ጥፋት አይደለም። በየከተማው ልጆች እየከፈሉ ኳስ የሚጫወቱባቸው የፕሌይ ስቴሽን ቤቶች ለባለቤቶቻቸው የገቢ ምንጭ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ቅኔ ጌምስም «ኩኩሉ» እና «ገበታ» የተሰኙ የስልክ ጨዋታዎችን አዘጋጅቶ አቅርቧል። ዘርፉ ባለሀብት ሊያስብበት የሚገባ ነው።

ችግሩ ጨዋታው ከገንዘቡ ጋር በአንድ ስልክ ሲያድር ነው። ልጆች አዲስ ጨዋታ ወይም ነጻ የጨዋታ ሳንቲም ፍለጋ ከጓደኛ ወይም ከቴሌግራም የተላከ ፋይል ይጭናሉ። ፋይሉ ሲጫን «አጭር መልእክቶችን ላንብብ?» ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ልጁ ለመጫወት ስለቸኮለ እሺ ይላል። ከዚያ በኋላ ባንክ የሚልከው የአንድ ጊዜ የምስጢር ቁጥር ለአባትየው ብቻ ሳይሆን ፋይሉን ለሠራው ሰውም ሊደርስ ይችላል። ኳስ የሚጫወት ጨዋታ የባለቤቱን መልእክት የሚያነብበት ምክንያት የለውም። ፈቃዱን መጠየቁ ብቻ ለጥርጣሬ በቂ ነው።

ትልልቆቹ የጨዋታ ድርጅቶችም ከጥቃት አላመለጡም። በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. የጃፓኑ ሶኒ የፕሌይ ስቴሽን መረብ ተሰብሮ የ77 ሚሊዮን ሒሳቦች መረጃ ተጋልጧል፤ አገልግሎቱም ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል። በዚህ ዓይነት ጊዜ ይበልጥ የሚጎዳው ለጨዋታውም፣ ለኢሜይሉም፣ ለባንኩም አንድ የይለፍ ቃል የሚጠቀም ሰው ነው። አንድ ቁልፍ በረቱንም ጎተራውንም ካዝናውንም የሚከፍት ከሆነ፣ ቁልፉ በረቱ ላይ ተረስቶ ሲገኝ ሁሉም ተከፍቷል ማለት ነው።

ነጋዴው ሊይዛቸው የሚገቡ

ከላይ የተዘረዘሩት ሲጠቃለሉ ገንዘብ የማያስወጡ ጥቂት ልማዶች ይሆናሉ።

1ኛ/ የንግዱ ሒሳብ ያለበት ስልክና ቤተሰቡ የሚጫወትበት ስልክ ይለያዩ። ለባንኩ ሥራ ጨዋታ የማይጫንበት ርካሽ ስልክ ይበቃል።

2ኛ/ የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም። ባንክም ሆነ ቴሌ ደውሎ የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም። «ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው» የሚል ሰው ሲደውል ስልኩን ዘግቶ ራስ መልሶ መደወል ይበጃል። የቴሌብር ቁጥር 127፣ የንግድ ባንክ 951 ነው።

3ኛ/ የልደት ዓመት፣ 1234 ወይም የስልኩ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ለምስጢር ቁጥርነት አይመረጡም። ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እነዚህን ነው።

4ኛ/ ስልኩ በድንገት መስመር ካጣና የአጠገቡ ሰው ስልክ ግን የሚሠራ ከሆነ፣ ሌላ ሰው በዚያው ቁጥር ሲም ካርድ አውጥቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ለቴሌና ለባንኩ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

5ኛ/ እያንዳንዱ ክፍያ ቀኑ፣ መጠኑና የማረጋገጫ ቁጥሩ በደብተር ይመዝገብ። ስልክ ቢጠፋ ደብተሩ ምስክር ይሆናል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንም፣ በኮምፒዩተር አማካይነት ማታለልንም በወንጀል ያስቀጣል። የተታለለ ነጋዴ አፍሮ ዝም ከማለት ማስረጃውን ሳያጠፋ ለፖሊስና ለባንኩ በፍጥነት ቢያመለክት ይሻለዋል። ገንዘቡ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ተላልፎ በጥሬው ከመውጣቱ በፊት የሚያዘው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነውና።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለው አባባል የጎጃም ገበሬ ሳይቀር የሚያውቀው ነው። የአምበር ነጋዴ ኩንታሉን ሲገዛ ሚዛኑን ራሱ ያያል፤ ጤፉን በመዳፉ ይዞ አፈርና ገለባ እንደሌለው ይመረምራል እንጂ ሻጩ በነገረው ብቻ አይከፍልም። ዋጋውን ሲቀበልም ያንኑ ጥንቃቄ ቢያደርግ የሚጠይቀው የአንድ ደቂቃ ጊዜ ነው።