ማሽላን ለልጃችሁ እንዴት ታዘጋጃላችሁ?



በመቻራ ከዋና ዋና እህሎቻችን አንዱ ማሽላ ነው። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ግን ማሽላ ብቻውን ስለማይበቃ 3 እጅ ማሽላና 1 እጅ ሽምብራ ለቅማችሁ፣ አጥባችሁና ቆልታችሁ አስፈጩ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እያማሰላችሁ በደንብ አብስሉት፤ ሲወርድ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩበት።

ብዙ እናቶች እንዲዋጥለት ብለው ያቀጥኑታል። የልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ በውሃ ይሞላና የጠገበ ይመስላል፣ ሰውነቱ ግን ይከሳል። ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም እንጂ የሚፈስ አይሁን። (አባትም ቢያበላው ነውር የለውም።)

ሆጃና ሻይ አትስጡት፤ በእህሉ ያለውን ብረት ሰውነቱ በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። የእናት ጡት ግን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ አይቋረጥበት።