ልጅን በቨርቹዋል ትምህርት ቤት ከማስመዝገብ በፊት

አንዲት እናት ከሌሊት ሥራ ተመልሳ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ደወለችልኝ። ዋሽንግተን አካባቢ በአንድ ነርሲንግ ሆም ሌሊት ነው የምትሠራው። ልጇን የመንግሥት ቨርቹዋል ትምህርት ቤት ካስመዘገበችው ሦስተኛ ወሩ ነበር። «እህቴ፣ ልጄ እኮ አንድ ቀን አልቀረም። በየቀኑ ‹ተገኝቷል› ይላል። ይሄ ኤፍ ታዲያ ከየት መጣ?»

የወላጆችን ገጽ አብረን ከፈትነው። እውነቷን ነው፣ የመገኘት መዝገቡ ሙሉ ነው። ወደ ሒሳብ ስንወርድ ግን ያልገባ የቤት ሥራ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ልጁ ጠዋት የይለፍ ቃሉን ያስገባና ካሜራውን አጥፍቶ ተመልሶ ይተኛል። እናትም በዚያው ሰዓት ደክሟት ሌላኛው ክፍል ተኝታለች።

ለወላጆች በማስተረጉምበት ሥራዬ ይህንን ደጋግሜ ስላየሁ፣ በምዝገባ ቀን ብትጠይቁ የምመኘውን ልንገራችሁ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ክፍያ የላቸውም። ፍሎሪዳ የራሷን የጀመረችው በ1997 ነው፤ ዛሬ በብዙ ስቴቶች አሉ። ለታመመ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ መከራውን ለሚያይ ልጅ፣ ወይም በሰፈሩ ትምህርት ቤት የማይሰጥ አንድ ኮርስ ለሚፈልግ ጎበዝ ተማሪ ትልቅ እፎይታ ናቸው። ችግሩ ያለው የተመዘገበና የተማረ አንድ ተደርጎ ሲቆጠር ነው።

ኦሃዮ ውስጥ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት ኮሎምበስ በ2000 ሥራ የጀመረ ኢኮት የሚባል የኢንተርኔት ቻርተር ትምህርት ቤት ነበር፤ ቻርተር ማለት በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን ራሱን ችሎ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ነው። ስቴቱ የሚከፍለው በተማሪ ቁጥር ነው። የ2015–16 የትምህርት ዘመን ሲመረመር፣ ከ15,000 በላይ ተማሪ አለኝ ያለው ትምህርት ቤት በሙሉ ጊዜ መማራቸውን በማስረጃ ማሳየት የቻለው ለ6,000 ያህሉ ብቻ ሆነ። 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መልስ ተባለ። በጥር 2018 በትምህርት ዘመኑ እኩሌታ ተዘጋና በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሌላ ቦታ ፍለጋ ተበተኑ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ክሬዶ የተባለ የጥናት ማዕከልም በ2015 የኦንላይን ቻርተር ተማሪዎችን መደበኛ ትምህርት ቤት ካሉ መሰሎቻቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። በሒሳብ ወደኋላ የቀሩት በ180 የትምህርት ቀን ያህል ነው፤ ይህ ማለት ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ እንዳልተማሩ ያህል ነው። በንባብ 72 ቀን። ጥናቱ ያየው ቻርተሮችን ብቻ ስለሆነ ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም። እኔ ግን ልጄ ቢሆን አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ሒሳቡ ነው።

ስለዚህ «ስንት ተማሪ አላችሁ?» አትበሉ። በመስከረም ከገቡት ውስጥ እስከ ሰኔ የቆዩት ስንት እንደሆኑ ጠይቁ። «ተገኝቷል» የሚያሰኘው ገጹን መክፈት ነው ወይስ ሥራ ማስረከብ? አስተማሪው በሳምንት ስንት ሰዓት በቀጥታ ያስተምራል፣ ለአንድ አስተማሪስ ስንት ልጅ ይደርሳል? ከመሃል ቢወጣ ክሬዲቱ ይተላለፋል ወይ? ሜሪላንድ ውስጥ ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2021 የከፈተውን ቨርቹዋል አካዳሚ በ2024 በበጀት እጥረት ዘግቶታልና ቢዘጋስ ብሎ መጠየቅም ሟርት አይደለም።

ከምትፈርሟቸው ወረቀቶች መሃል «ለርኒንግ ኮች» የሚል ካለ ቆም ብላችሁ አንብቡት። ቀን ቀን ከልጁ ጋር ሆኖ የሚያሠራ አዋቂ ማለት ነው፤ የፈረማችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ለትንንሾቹ ይህ በቀን ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ባልና ሚስት ሁለታችሁም ቀን የምትሠሩ ወይም ቀን የምትተኙ ከሆነ ማን እንደሚቀመጥ ሳትወስኑ አትፈርሙ። አያት ቤት ካሉ እንግሊዝኛ ባይችሉም ልጁ ከአልጋ ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡን ያያሉ፤ ይህ ብቻውን ብዙ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዕረፍታችሁ በሆነ ቀን፣ የመገኘቱን ገጽ ትታችሁ ያልገቡ ሥራዎችን ክፈቱ።

አንድ ነገር አደራ። ስለ ውጤቱ ስትነጋገሩ ልጁ አያስተርጉም። የራሱን ኤፍ ለእናቱ እንዲተረጉም የተደረገ ልጅ አይቻለሁ፤ «ትንሽ ይቀረዋል» ነው ያላት፣ እሷም አመስግና ወጣች። እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ ትምህርት ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ በፌዴራል ሕግ አለበት፤ ቨርቹዋል መሆኑ ከዚህ አያወጣውም። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብላችሁ በኢሜይል ጻፉ፣ ኢሜይሉንም አስቀምጡ። ልጁ እንግሊዝኛ ገና እየተማረ ከሆነ የቋንቋ ድጋፉን በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ከማን እንደሚያገኝም በጽሑፍ ይነግሯችሁ።

ያቺ እናት መጀመሪያ ሺፍቷን ለመቀየር ሞከረች፤ አልሆነላትም። ለጥቂት ሳምንት ከሥራ ስትመለስ ቡናዋን ይዛ እስከ አራት ሰዓት አብራው ተቀመጠች። በጥር ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት መለሰችው፤ የሒሳቡን ክሬዲት በሰመር ነው ያካካሰው።