ለተሰደደ ሕፃን ስትሰጥ

ልጄ፣ ባለፈው ደውለህ «የምሰጠው ብር በእርግጥ ሕፃኑ ጋ ይደርሳል?» ስትለኝ ስልኩ ተቋረጠ። መልሴ ይኸውልህ።

1ኛ. ኅዳር 6 ለንግሥ ስትመጣ የማንን በዓል እንደምታከብር አስብ። እቴጌ ምንትዋብ ደብራቸውን ቁስቋም ያሉት እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ግብፅ ባረፈችበት ስፍራ ስም ነው። የተፈናቃይ እናትና ልጅ ደብር ነው የኛ። በ2013 ክረምት ጦርነቱን ሸሽተው ከአዲ አርቃይ በኩል ሊማሊሞን በእግር ወጥተው ደባርቅና ዳባት የተጠለሉትን ሳይ፣ የስደቷን ጾም ጽጌን ስጾም የኖርሁበት ነገር ያኔ ገባኝ።

2ኛ. ፈጥነህ ስጥ። በ1976 መጋቢት የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን «ረሃብ መጣ» ብሎ ለዓለም ጮኾ ነበር። ዓለም የሰማው ግን ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጹትን ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ሲያሳይ ነው። የእርዳታ ማሰባሰቢያው ኮንሰርት ላይቭ ኤድ የተዘፈነው ደግሞ ሐምሌ 6 ነው። ዘፋኞቹን አልወቅስም፤ ገንዘባቸው ብዙ ነፍስ አትርፏል። በመካከሉ ያለቀውን ሕፃን ግን ማን ይመልሰዋል? ሕፃን እንደ አዋቂ ረሃብ አይችልም፤ በደከመ ሰውነቱ ላይ ኩፍኝና ተቅማጥ ሲጨመር በቀናት ያልቃል።

3ኛ. ብሩ ምን እንደሚሠራ እወቅ። ጤና ጣቢያ ነርሷ የሕፃኑን ክንድ ባለ ቀለም በሆነ ጥብጣብ ትለካለች። ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀዩ ላይ ነው፤ ነገሩ ከፍቷል። ያኔ ፕላምፒ ነት ይሰጠዋል። ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ነው፤ አንዱ እሽግ 92 ግራም ሆኖ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ በውኃ ልበጥብጠው፣ እሳት ላንድድለት አይባልም። ሌላ ሕመም ካልተደረበበት አብዛኛው ሕፃን እናቱ ጋ ሆኖ በሁለት ወር ገደማ ያገግማል። እናት ግን አንዱን አጉርሳ ሌላውን ማስራብ አይሆንላትም፤ ታካፍላለች። ለቤቱ ዱቄት ካልተጨመረ የታመመው ድርሻ ይጎድላል። ስለዚህ «ለሕፃኑ ብቻ» እያልህ አትምረጥ።

4ኛ. ልብስ አትጫን። በዚያው በ2013 ክረምት ሰፈራችን አዋጥቶ አንድ አይሱዙ ሞልተን ላክን። ሲፈታ ተረከዘ ረጅም ጫማና የሠርግ ቀሚስ ወጣ። ለጭነቱ የከፈልነው ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር! ጡጦና የዱቄት ወተትማ ከናካቴው አትላክ፤ ንጹሕ ውኃ በሌለበት ሕፃኑን በተቅማጥ ይገድለዋል። የምታጠባዋን እናት አብላት።

5ኛ. ትንሽ ናት ብለህ አትፈር። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ሲሄዱ በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጸበል ነው። ከረሃቡ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ቤታቸውንም ትዳራቸውንም አስከፈላቸው። በ2013 ሲያርፉ ድርጅታቸው ያሳደጋቸው ስንት ነበሩ!

6ኛ. ደረሰኝ ጠይቅ። ጠይቀህ ከከለከሉህ ለሌላ ስጥ እንጂ መስጠቱን አትተው።

በ2015 ዝናቡ ቀርቶ የጃናሞራና የጠለምት ከብት ሲያልቅ እኛ ገና ስብሰባ ላይ ነበርን። የዘንድሮውን በግንቦት ላከው፣ የኔ ጌታ። ጎተራው የሚራቆተው ሐምሌ ላይ ነው።