ዶሮ በሁለት ፍም መካከል፤ ለደጋ ቤተሰብ የብርድ ወራት የማብሰል ትምህርት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ ቀበሌዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የውርጭ ወራት ነው። ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ምድሩ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል፤ ሲነጋም ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይታያል። በዚህ ወቅት እሳት ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለመሞቂያም ስለሚፈለግ የቤቱ ማገዶ ፈጥኖ ያልቃል።

ኅዳር 15 ቀን የሚጀምረው ጾመ ነቢያት የሚፈታው በልደት በዓል ነው። ከዚያም ወዲህ ከገሃድ፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር እስከ ጾመ ነነዌ ድረስ ፍስክ ይሆናል። ስለዚህ ዶሮ በደጋው ማዕድ ላይ የሚቀርበው በአብዛኛው ብርዱ በጠነከረበት፣ ማገዶውም በሳሳበት ጊዜ ነው። ለበዓሉ የታረደውን ዶሮ በጥቂት ማገዶ፣ በጥቂት ጭስና በቤት በሚገኝ ነገር እንዴት አብስለን እናቅርብ? የዚህ ትምህርት ጥያቄ ይህ ነው።

1. የችግሩ ምንጭ

ዶሮ ወጥ የተከበረ የአባቶችና የእናቶች ቅርስ ነው፤ ይህ ትምህርት እርሱን ለመተካት አልተዘጋጀም። ነገር ግን ወጡ ብዙ ሽንኩርት፣ ቅቤና በርበሬ እንዲሁም ለረጅም ሰዓት የማይጠፋ እሳት ይጠይቃል። ሽንኩርቱም በአብዛኛው እንደ ሸዋ ሮቢት ካሉ ሞቃት አካባቢዎች የሚመጣ ስለሆነ በገንዘብ ይገዛል። መግዣ ያጣ ቤተሰብ ለልጆቹ ያሰበውን ዶሮ ወደ ገበያ ለማውጣት ይገደዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የአገሩ ከፍታ ነው። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 3,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ መፍላት ይጀምራል። ስለዚህ በደጋ የሚንተከተክ ድስት የቆላውን ያህል አይሞቅም፤ ሥጋውም ለመለስለስ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ከፈላ በኋላ ማገዶ መጨመር ውኃውን ቶሎ ያተንነዋል እንጂ ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም። ያ ሁሉ ትርፍ ማገዶ በከንቱ ይነዳል ማለት ነው።

ሦስተኛው የማገዶው ዓይነት ነው። እንጨት በሚያጥርበት ደጋ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ሲቃጠል ገብሱን ሊመግብ የሚችለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ የሚቀረው አመድ ብቻ ነው። ዛሬ በምድጃ የነደደ ኩበት ለከርሞው ማሳ የቀረ ማዳበሪያ ነው። የጭሱም ጉዳት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ከሁሉ በላይ ለጭሱ የሚጋለጡት እናቶችና በአጠገባቸው የሚውሉ ሕፃናት ናቸው።

ማገዶን መጥኖ መጠቀም ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣርና ጨረንፌ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ በጊዜው እየከፈቱ ጠብቀው አቆይተዋል። በተራራው ላይ የታየውን ይህን ጥበብ ወደ ማድ ቤት ማስገባት የእኛ ድርሻ ነው።

2. በቤታችን ያለው ኦቨን

ኦቨን ማለት ሙቀትን ከላይም ከታችም ይዞ የሚያበስል ዝግ ቦታ ነው። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ሊጡን በብረት ምጣድ አድርገው፣ ከታች እሳት፣ ከላይ ደግሞ በክዳኑ ፍም ያደርጉበታል። ይህ ራሱ ኦቨን ነው። በእንዲህ ያለ ዝግ ሙቀት የድስቱ ግድግዳና በውስጡ ያለው አየር ከውኃ መፍያ እጅግ በላይ ስለሚግሉ ከፍታው የሚያመጣው መዘግየት ይቀንሳል፤ የዶሮው ቆዳም ይጠበሳል።

ለዚህ የተመረጠው ሰዓት እንጀራ ወይም ዳቦ ተጋግሮ ያበቃበት ነው። በዚያን ጊዜ ምድጃው ግሏል፤ ፍሙም ተዘጋጅቷል። ለዶሮው ብቻ ተብሎ አዲስ እሳት አይነድም።

3. አሠራር

ለስድስት ሰው የሚያስፈልገው፦ አንድ ወጣት አውራ ዶሮ፣ 1 ኪሎ ድንች፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ጨው፣ ጥቂት የደረቀ ጦስኝ እና አንድ የቡና ስኒ ውኃ። በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ እንደ ቤቱ ልማድ ነው። እንቁላል የምትጥለውን ዶሮ አለማረድ ይመረጣል።

ሀ. ዶሮው ተገንጥሎ በሚገባ ይጽዳ። ሙሉውን ከማብሰል ይልቅ በየብልቱ መለየት የማብሰያውን ጊዜ ያሳጥራል።

ለ. ነጭ ሽንኩርቱን ከጨው፣ ከጦስኝና ከቅቤ ጋር ወቅጠው ሥጋውን በሚገባ ይሹት፤ ለአንድ ሰዓትም ይቆይ።

ሐ. ድንቹን ልጠው በወፍራሙ ከትፈው በወፍራም የብረት ድስት ግርጌ ይደርድሩ። ድንቹ ሥጋው እንዳያር ይከላከላል፤ የሚወርደውንም ስብ ይጠጣል። ሥጋውን በላዩ ያድርጉ፤ ውኃውን በዳር በኩል ያፍስሱ።

መ. ድስቱን በብረት ምጣድ ይክደኑ። ፍሙን ሦስት እጅ ከፍለው አንዱን እጅ ከታች፣ ሁለቱን እጅ ከላይ ያድርጉ። ከታች የበዛ ፍም ያሳርራል።

ሠ. ክዳኑን በየጊዜው አይክፈቱ፤ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ይዩት። ያረጀ ዶሮ ከሆነ አንድ ስኒ ውኃ ጨምረው ፍሙን እያደሱ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ያቆዩት።

በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በዓለም ከተማና በመሳሰሉት ከተሞች የኤሌክትሪክ ኦቨን ያለው ቤተሰብ ይህንኑ በ200 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊያበስለው ይችላል።

4. ጥንቃቄ

ዶሮው መብሰሉ የሚታወቀው የጭኑ መገጣጠሚያ በቀላሉ ሲላቀቅና ከአጥንቱ አጠገብ የሚወጣው ፈሳሽ ቀይ መሆኑን ትቶ ሲጠራ ነው። ጥሬ ሥጋ የነካ እጅ፣ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይንካ። የተረፈው ምግብ ብርድ ነው ተብሎ ሳይከደን አይደር፤ በማግሥቱም እስኪንተከተክ ይሙቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ከእራት በኋላ ያለው ነው። ቤቱ ይሙቅ ተብሎ የተረፈው ፍም ወደ መኝታ ክፍል ገብቶ በር አይዘጋበት። ፍም ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ የተኙትን ሳይነቁ ሊገድል ይችላል። ፍሙን በአመድ ሸፍነው ከመኝታ ቤት ውጭ ያሳድሩት።

5. ለቤተሰብና ለማኅበር ውይይት

ሀ. በቤታችን በሳምንት ስንት ጊዜ ለየብቻ እሳት እናነዳለን? ከእነዚህ መካከል የትኞቹን ከጋገራ ቀን ጋር ማዋል ይቻላል?

ለ. በዓል በደረሰ ጊዜ የተረፈውን ኩበት ለየትኛው የገብስ ማሳ እናውለው?

ሐ. ዶሮውን የሚያርደው አባወራ ነው፤ ፍሙን ማዘጋጀትና ድንቹን መላጥስ ለምን በእናት ላይ ብቻ ይወድቃል?

ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሌሊቱን ሲደክሙ ላደሩት ደቀ መዛሙርቱ በፍም ላይ ዓሣና እንጀራ እንዳዘጋጀላቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ተጽፏል። ያ ማዕድ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የደከሙት በልተው ጠግበዋል። በዚህ ዓመት በልደት ማግሥት አንድ ቤተሰብ ዶሮውን ሳይሸጥ፣ እናቲቱም በጭስ ሳትታፈን ከልጆቿ ጋር ለማዕድ ብትቀመጥ፣ የዚህ ትምህርት ዓላማ ተፈጸመ ማለት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።