ሙዚቃው ለምን አሁን ጀመረ? የቀድሞ ፊልሞችን ኦርኬስትራ የማድመጥ ትምህርት

የዛሬው ትምህርታችን ከ1930ዎቹ እስከ 1960 ድረስ በሆሊውድ በተሠሩ ፊልሞች ውስጥ ያለውን የኦርኬስትራ ሙዚቃ እንዴት እንደምናደምጥ ያሳያል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጻሕፍት መምህር አስቀድሞ ንባቡን ያስነብባል፤ ትርጓሜው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም በዚሁ ሥርዓት እንሂድ፤ መጀመሪያ ትዕይንቱን እንይ፣ ቀጥለን እንጠይቅ።

ንባቡ እንዲህ ነው። በ1933 የወጣው «ኪንግ ኮንግ» ሲጀምር የሠሪዎቹ ስም ከነሙዚቃው ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ የለም። ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ፊልም ሠሪ ተዋናይት ፍለጋ ይዞራል፤ ከፍራፍሬ መደብር ፖም ልታነሣ ስትል የተያዘች፣ የራባት ወጣት ያገኛል፤ መርከብ ይሳፈራሉ፤ ጉዞው ይረዝማል። ሃያ ደቂቃ ያህል ይህ ሁሉ በንግግር ብቻ ይሄዳል። መርከቢቱ ደሴቲቱ አጠገብ ደርሳ ጭጋግ ሲውጣት ግን ኦርኬስትራው ከሥር፣ ቀስ ብሎ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ለምን እዚያ ጀመረ?

መልስ፦ ኒው ዮርክ ተመልካቹ የሚያውቃት ከተማ ናት፤ ሥራ የሚጠፋባት፣ ሰው የሚራብባት። ጭጋጉ የዚህ የምናውቀው ዓለም ዳርቻ ነው። የሙዚቃው ደራሲ ማክስ ስታይነር ድንበሩን በድምፅ አሰመረው። መርከቡ ላይ ያሉት ሰዎች ገና ምንም አላዩም፤ ሙዚቃው ግን አውቋል። የትምህርታችን ዋና ቃል ይህ ነው፦ ደህና የፊልም ሙዚቃ በትዕይንቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች የማያውቁትን፣ ወይም አውቀው የማይናገሩትን ነገር ያውቃል። ማድመጥ ማለትም ያ ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ሦስት መልክ አለው፦ ከየት መጣ? ማንን ጠራ? የትስ ዝም አለ?

አንደኛው ጥያቄ፣ ከየት መጣ የሚለው ነው። በፊልም ውስጥ ሙዚቃ ሁለት ስፍራ አለው። የውስጥ ሙዚቃ ባለታሪኮቹ ራሳቸው የሚሰሙት ነው፤ ሬዲዮ ሲከፈት፣ ፒያኖ ሲመታ። የውጭ ሙዚቃ ደግሞ እኛ ብቻ የምንሰማው ነው። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ተጫዋቾቹ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ስለሚታዩ ይህ ማንንም አያስቸግርም ነበር። ከ1927 በኋላ ፊልም አፍ ሲያወጣ ግን አምራቾቹ «ይህ ሙዚቃ ከየት መጣ?» ብሎ ተመልካች እንዳይጠይቅ ሰጉ። ስለዚህ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ፊልሞች ከመክፈቻና ከመዝጊያ በቀር ያለ ሙዚቃ ይሠሩ ነበር።

ስለዚህ ጥርጣሬ የሚነገር አንድ ወግ አለ። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1944 «ላይፍቦት» የተባለውን፣ ታሪኩ በሙሉ ባሕር መካከል በአንዲት ጀልባ ላይ የሚያልቀውን ፊልም ሲሠራ፣ በውቅያኖስ መካከል ኦርኬስትራ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ ይባላል። ይህን የሰማው የሙዚቃ ደራሲ ዴቪድ ራክሲን፣ ካሜራው ከየት እንደመጣ ይንገረኝና እኔም እነግረዋለሁ አለ። ቀልዱ ትልቅ ትምህርት አለበት። የውጭ ሙዚቃ የተራኪ ድምፅ ነው፤ ተራኪን ደግሞ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ሁለቱ ስፍራዎች ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት «ካዛብላንካ» የተባለውን የ1942 ፊልም እንውሰድ። ኢልዛ ወደ ድሮ ፍቅረኛዋ ወደ ሪክ ቡና ቤት ገብታ ፒያኖ ተጫዋቹን ሳምን የድሮውን ዘፈን እንዲጫወትላት ትለምነዋለች። ሳም እያመነታ ይጫወታል፤ ይህ የውስጥ ሙዚቃ ነው። ሪክ ያን ዘፈን እንዳትጫወት ብዬህ አልነበረም ወይ እያለ በቁጣ ይመጣል፤ ቀና ሲል ኢልዛን ያያታል። በዚያች ቅጽበት ኦርኬስትራው ባንድ ላይ ይመታል፤ ዜማውንም ከፒያኖው ተቀብሎ ይቀጥላል። ዘፈኑ ከቡና ቤቱ ወጥቶ ወደ ሪክ ልብ ገባ ማለት ነው። ሪክ አይናገርም፤ ኦርኬስትራው ግን ተናግሮበታል።

የሚገርመው፣ የዚህም ሙዚቃ ደራሲ ስታይነር ሲሆን ያን ዘፈን አልወደደውም ነበር። ዘፈኑ ኸርማን ኸፕፊልድ በ1931 የጻፈው ነው። ስታይነር በራሱ ዜማ ሊተካው ፈለገ፤ ነገር ግን ኢልዛን የተጫወተችው ኢንግሪድ በርግማን ለሚቀጥለው ፊልሟ ፀጉሯን ስለተቆረጠች ትዕይንቱን እንደገና መቅረጽ አልተቻለም። ስለዚህ ያልወደደውን ዜማ ተቀብሎ የፊልሙ የጀርባ አጥንት አደረገው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማንን ጠራ የሚለው ነው። ሬዲዮ ስንሰማ አቅራቢው አፉን ሳይከፍት በመለያ ዜማው ብቻ የትኛው ዝግጅት እንደሆነ እናውቃለን። በፊልምም አንድ ሰው፣ ቦታ ወይም ሐሳብ የራሱ አጭር መለያ ዜማ ይሰጠዋል፤ ይህ ከኦፔራ፣ በተለይም ከሪቻርድ ቫግነር የተወረሰ ጥበብ ነው። የደሴቲቱ ግዙፍ ዝንጀሮ የኮንግ መለያ ወደ ታች የሚወርዱ ሦስት ከባድ ድምፆች ናቸው። አውሬው ሳይታይ እነሱ ሲሰሙ መምጣቱ ነው።

ሰነፍ አድማጭ ዜማውን ለይቶ ያርፋል፤ ትጉህ አድማጭ ግን ሲለወጥ ይከታተለዋል። እነዚያ ሦስት ድምፆች መጀመሪያ በነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ያስፈራራሉ። መጨረሻ ላይ ኮንግ ቆስሎ ሊወድቅ ሲል ያው ዜማ ሙሾ ይሆናል፤ የዚያች የኒው ዮርክ ወጣት ዜማም አጠገቡ ይሰማል። ፊልሙ ውስጥ ማንም ለአውሬው አላዘነም። ለእሱ ያለቀሰው ኦርኬስትራው ብቻ ነው፤ እኛንም ያስለቀሰን እሱ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የት ዝም አለ የሚለው ነው። ወደ ኒው ዮርክ የተወሰደው ኮንግ ረጅም ሕንጻ ጫፍ ላይ ቆሞ አውሮፕላኖቹ ሲመጡበት ሙዚቃው ይቆማል። የሚሰማው ሞተርና መትረየስ ነው። ለምን? መሣሪያው የሰው ነው፤ የደሴቲቱ ተረት እዚያ ያበቃል፤ ጭጋጉ ውስጥ የተጀመረው ሙዚቃ ለብረት ቦታ ይለቃል። አውሬው ሲዳከም ሙዚቃው ተመልሶ ይመጣል።

ዝምታ ግን ሁልጊዜ ትክክል ነው ብለን ሕግ እንዳናወጣ ተቃራኒውንም እንይ። ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን ሲሠራ የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ወስኖ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን ጽፎ አሰማው፤ ዳይሬክተሩም ሐሳቡን ቀየረ። ኸርማን ለዚያ ፊልም ነሐስም ከበሮም ትቶ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ ብቻ ተጠቀመ፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ እንደሆነ ድምፁም አንድ ቀለም ይኑረው ብሎ ነው። ከግድያው በፊት የምትገደለው ሴት በዝናብ መኪና ስትነዳ ያለውን ደቂቃ አድምጡ። የሚታየው መንገድና ፊቷ ብቻ ነው። የመክፈቻው የተጨነቀ ሙዚቃ ግን ተመልሶ ከእሷ ጋር ይጋልባል። እሷ የሸሸችው ከሰረቀችው ገንዘብ ጣጣ ነው፤ ሙዚቃው የሚያውቀው ከዚያ የከፋ ነው።

አሁን ስለ ሠሪዎቹ ጥቂት እንበል፤ ድምፁ ለምን እንዲህ እንደሆነ ከእነሱ ይገባናልና። ስታይነር በ1888 ቪየና ተወለደ፤ ክርስትና ያነሣው ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ስትራውስ እንደነበር ይነገራል። ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድም በልጅነቱ ቪየናን ያስደነቀ የኦፔራ ደራሲ ነው። በ1938 መጀመሪያ ለ«ሮቢን ሁድ» ፊልም ሙዚቃ እንዲጽፍ ሆሊውድ ጠራው፤ ሄደ። በመጋቢት ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ። አይሁዳዊ ነበርና ያ ፊልም ሕይወቱን እንዳዳነለት ኋላ ይናገር ነበር። በእነዚህ ስደተኞች እጅ፣ አውሮፓ ውስጥ እየከሰመ የነበረው የኦፔራ ኦርኬስትራ ሲኒማ ውስጥ ሁለተኛ ዕድሜ አገኘ። የሮቢን ሁድን የፍልሚያ ትዕይንት ያለ ምስል ብታደምጡት ዘፋኝ የጎደለው ኦፔራ ይመስላችኋል።

ሥራው ግን የዕደ ጥበብ ሥራ ነው። ፊልሙ ተቆርጦ ሲያልቅ ደራሲው ያየዋል፤ ሙዚቃ የት እንደሚገባ ይወሰናል፤ የእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጊዜ ይመዘገባል። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ስለሚያልፍ ሒሳቡ እስከ ሴኮንድ ቁራጭ ድረስ ይወርዳል። ፊልሙ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ ተበስቶ ቀዳዳው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ መሪው ያን በጆሮው እየሰማ ኦርኬስትራውን ይመራል። በእኛ ዘንድ ዜማ ደራሲና አቀናባሪ እንደሚለያዩ እዚያም ይለያሉ፤ ደራሲው ንድፉን ይጽፋል፣ አቀናባሪው ለየመሣሪያው ያከፋፍላል። ለስታይነርም ለኮርንጎልድም ያቀናብር የነበረው ሁጎ ፍሪድሆፈር ነው። ኸርማን ግን ይህን ሥራ ለሌላ አይሰጥም ነበር።

ተቃውሞ፦ ይህ ሙዚቃ ይበዛል፣ ምስሉ ያሳየንን ይደግምብናል የሚል አለ።

መልስ፦ አንዳንዴ እውነት ነው። «ኪንግ ኮንግ» ላይ የደሴቲቱ ጎሣ አለቃ ደረጃ ሲወርድ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ድምፅ ይመታል፤ ይህ እንደ ካርቱን ነው ተብሎ ተተችቷል። መለኪያው ግን የመጀመሪያው ቃላችን ነው። ሙዚቃው ዓይናችን ያየውን ብቻ ከደገመ አላስፈላጊ ነው። ዓይን ያላየውን ከጨመረ ቢበዛም ሥራ አለው።

ልምምዱ ቀላል ነው። አምስት ደቂቃ የሚሆን ትዕይንት ምረጡ። መጀመሪያ እንዳለ እዩት። ሁለተኛ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ጻፉ። ሦስተኛ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አድምጡት፤ ሙዚቃው የት እንደገባ፣ የት እንደወጣ ጻፉ። ሁለቱ ወረቀቶች የሚለያዩበት ቦታ ላይ የደራሲው እጅ አለ።

ለቤት ሥራ በ1944 የተሠራውን «ሎራ» እሰጣችኋለሁ፤ ሙዚቃው የዚያው የራክሲን ነው። አንድ መርማሪ ፖሊስ ሞታለች የተባለች ሴት ቤት ውስጥ በሌሊት ብቻውን ይዞራል። መሳቢያ ይከፍታል፤ ሽቶዋን ያሸታል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስሏን ያያል። ስለ ስሜቱ አንድ ቃል አይናገርም። የስቱዲዮው አለቃ ይህን ትዕይንት ሊያሳጥረው ፈልጎ ነበር፤ ራክሲን በሙዚቃ እንዲሞክረው ለመነና ተረፈ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ተቀመጡና አንዱን ጥያቄ ብቻ መልሱልኝ፦ መርማሪው ለራሱም ገና ያልነገረውን፣ ኦርኬስትራው ለእናንተ መቼ ነገራችሁ?