ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለሰርቨሩ ስንት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአሶሳ ስልክ ደወለልኝ። በከተማው በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሰርቨር አስተዳዳሪ ነበር። ኃላፊው «የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ በየቀኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይወሰድ» ብለው አዘዙት። እርሱም ሥራዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት በሚያስነሣው በክሮን ሠንጠረዥ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

0 8 * * *

የመጀመሪያው አኃዝ ደቂቃውን፣ ሁለተኛው ሰዓቱን ያመለክታል፤ ሦስቱ ኮከቦች «በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም ወር፣ በማንኛውም የሳምንት ዕለት» ማለት ናቸው። ተማሪዬ በየጊዜው የፋይሎቹን ዝርዝር ሲያወጣ ከቅጂው አጠገብ 08:00 የሚል ያነብባል፤ የታዘዘው ተፈጽሟል ብሎም ይረካል። ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሲመለስ ዲስኩ ተበላሽቶ ተገኘ። ቅጂው ሲከፈት ያለፈው ቀን ሥራ በሙሉ የለበትም። በዚያ ቀን ከሸርቆሌና ከመንጌ ድረስ መጥተው የተመዘገቡ ባለጉዳዮች ነበሩ፤ እንደገና መጠራት ግድ ሆነ።

ስህተቱ ለእኛ አገር ሰው የሚደርስ ዓይነት ነው። ክሮን ሰዓትን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ 8 ለእርሱ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደግሞ ለእርሱ 2 ነው። ሥራው ሌሊት ላይ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዲስኩ ከመሞቱ ከሁለት ሰዓት በፊት የተወሰደ ቅጂ በእጁ ይገኝ ነበር። ይበልጥ የሚያሳዝነው መቆጣጠሪያው ራሱ ማታለሉ ነው፤ 08:00 የሚለውን ያነበበው ትእዛዙን በጻፈበት በዚያው ዓይን ነበርና።

(የትእዛዞቹን ስሞች እዚህ የጻፍኋቸው በሚነበቡበት ድምፅ ነው።)

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከውጭ አገር በኪራይ የሚገኙ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በእነዚያ ሰርቨሮች ላይ 23 ይሆናል፤ ያውም የቀደመው ዕለት 23። «ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለው ትእዛዝ በአዲስ አበባ ሰዓት በተስተካከለ ሰርቨር ላይ 0 2 * * 0 ሲሆን፣ በዩቲሲ ግን 0 23 * * 6 ነው። እሑድ 0፣ ቅዳሜ 6 ነውና። ሰርቨሩ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ ለማወቅ «ታይምዴትሲቲኤል» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እኔ ለተማሪዎቼ የምመክረው ሌላም አለ፦ አዲስ የክሮን መስመር ስትጽፉ፣ መጀመሪያ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲነሣ አድርጉትና የእጅ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ጠብቁት። ካልተነሣ ወይ እናንተ፣ ወይ ሰርቨሩ ተሳስታችኋል።

ሰርቨሩ ራሱ የሚሳሳትበት ምክንያት ወደ እኔ ሙያ ይወስደናል። ኮምፒዩተር ሲጠፋ ሰዓቱን የሚጠብቅለት በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ ቁጥሩ የተመረጠው 2 በ15 ርቢ ስለሆነ፣ 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል ልክ አንድ ሰከንድ ስለሚሰጥ ነው። ክሪስታሉ በሚሊዮን 20 ያህል ስህተት ቢኖረው በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በዓመት ከ10 ደቂቃ በላይ ይዛነፋል። ሙቀትም ይነካዋል። የሚመግበው ባትሪ ከሞተ ደግሞ፣ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ሰርቨሩ ከዓመታት በፊት ባለ ቀን ላይ ሊነቃ ይችላል። ያን ጊዜ የደኅንነት ምስክር ወረቀቶች «ጊዜያቸው ገና አልደረሰም» ተብለው ይጣላሉ፤ አስተዳዳሪው ግን መስመሩን ሲወቅስ ይውላል። መድኃኒቱ በ1985 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሚልስ ያቀረቡት ኤንቲፒ የተባለ ሰዓት ማስተካከያ ሥርዓት ነው። ክሮኒ በተጫነበት ሰርቨር ላይ «ክሮኒሲ ትራኪንግ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰዓቱ በስንት ሰከንድ እንደዘገየ ወይም እንደቀደመ ይነግራችኋል።

በነገራችን ላይ ፀሐይም ከሰርቨሩ ጋር አትስማማም። አሶሳ ከአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል 4 ዲግሪ ከሩብ ያህል ስለምትርቅ፣ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ብንቆጥር ፀሐይ የምትወጣላት 17 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው።

ወደ ቀኑ ስንመጣ፣ የቅጂ ፋይል ስም 2018-01-05 ቢሆን መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው ወይስ ጃንዋሪ 5 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.? በመካከላቸው ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ አለ። አሮጌ ቅጂዎችን በስማቸው እየለየ የሚያጠፋ ፕሮግራም ትናንት የተወሰደውን እንደ አሮጌ ቆጥሮ ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ ማጥፋት ካስፈለገ በ«ፋይንድ» ትእዛዝ ፋይሉ በተለወጠበት ጊዜ ለዩ፤ መጀመሪያም ዝርዝሩን ብቻ አውጥታችሁ አንብቡ፣ ከዚያ አጥፉ።

በየወሩ በ1ኛው ቀን በእኛ አቆጣጠር መሠራት ያለበትን ሥራስ? ክሮን ጳጉሜን አያውቅም። ነገር ግን ዩኒክስ በውስጡ ወር የለውም፤ ያለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. የዩቲሲ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፉት ሰከንዶች ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቅጽበት በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። «ዴት» የሚሰጣችሁን የሰከንድ ቁጥር 10800 ደምሩበት፣ ለ86400 አካፍላችሁ ሙሉ ቁጥሩን ያዙ፣ 716732 ጨምሩበት። ድምሩን ለ1461 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ፤ 1461 የአራት ዓመት ቀናት ቁጥር ነው። ቀሪው 1460 ከሆነ ቀኑ ጳጉሜን 6 ነው። ካልሆነ እንደገና ለ365 አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ፤ እርሱ በ30 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዛሬ የወሩ መባቻ ነው። በ1970ው መነሻ ቀን ፈትኑት፦ 716732 ለ1461 ሲካፈል 842 ይቀራል፣ 842 ለ365 ሲካፈል 112፤ ይኸውም ሦስት ሙሉ ወርና 22 ቀን፣ ማለትም ታኅሣሥ 23። ሥራው በየቀኑ ይነሣና ይህን ስሌት ሠርቶ፣ መባቻ ካልሆነ ተመልሶ ይተኛል።

ይህ የሰከንድ ቆጠራ በ32 ቢት በሚያዝባቸው አሮጌ መሣሪያዎች ላይ 2147483647 ሲደርስ ሞልቶ ወደ 1901 እ.ኤ.አ. ይመለሳል። ለ32 ቢት ማሽኖች ሊኑክስ በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ከርነል 5.6 መፍትሔ አበጅቷል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ትንንሽ መሣሪያዎች ግን ሁሉም አልታደሱም። ያቺ ሰከንድ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ናት። ዕለቱ ጥምቀት ነው፤ የተረኛውን ስም ከወዲሁ መወሰን ሳይሻል አይቀርም።